የዐመፀኛ ዙፋን ፍጻሜ፤ ከሮሜ ቤተ መንግሥት እስከ ጣና ደሴት

ሥልጣን አደራ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው የተቀበለውን ነገር እንደ ራሱ ገንዘብ ከቈጠረው፥ ታማኝነቱ ያን ጊዜ አልቆ ግፈኛነቱ ይጀምራል። ይህም በትልቁ ዙፋን ላይ ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም፤ በአጥቢያ አስተዳደርም፥ በቤተሰብም፥ በማኅበርም ዘንድ ይታያል። ሆኖም የነገሥታት ታሪክ ከሩቅ የሚታይ ተራራ ስለ ሆነ፥ በእርሱ ላይ የሆነውን መርምረን በየቤታችን ያለውን ጕብታ ለመመዘን እንችላለን።

ግፈኛ ገዥ በገዛ አገልጋዮቹ እጅ ሲወድቅ ሕዝብ «እግዚአብሔር ፈረደ» ይላል። በዚህ አነጋገር ውስጥ እውነት አለ። ነገር ግን ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ከባድ ጥያቄ አለ። እግዚአብሔር ፈረደ ማለት የገዳዩ እጅ ንጹሕ ነው ማለት ነውን? ግፈኛውስ ከወደቀ በኋላ ግፉ አብሮት ይቀበራልን? ይህን ጥያቄ በስሜት ሳይሆን በታሪክ ለመመለስ፥ አንዱን ከሮሜ፥ ሁለተኛውን ከአገራችን ከጎንደር ወስደን እንመለከታለን። በ16ኛው መቶ ዓመት ከጋሞ አገር የተነሣው መነኩሴና የታሪክ ጸሐፊ አባ ባሕርይ የዘመኑን መከራ በጻፈ ጊዜ፥ የድሉን መታጣት ምክንያት በጠላት ብርታት ብቻ ሳይወስን የራሱን ወገን ሥርዓትም መርምሮ ነበር። እኛም ውድቀትን ስንመረምር ከገዛ ቤታችን እንድንጀምር ይህ የአገራችን ሊቅ መንገዱን አሳይቶናል።

፩. ድምጥያኖስ በሮሜ

የሮሜው ንጉሠ ነገሥት ድምጥያኖስ የነገሠው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ81 ዓመት ነው። አባቱ ቬስጳስያኖስ፥ ወንድሙም በ70 ዓመት ኢየሩሳሌምን ያፈረሳት ጢጦስ ነበሩ። ድምጥያኖስ ከእነርሱ በኋላ በትረ መንግሥቱን ሲይዝ በአስተዳደር ሰነፍ አልነበረም። ከተማውን ሠርቶአል፥ ዳኞችን ተቈጣጥሮአል፥ የወታደሩንም ደመወዝ ጨምሮአል። ስለዚህ ግፈኛ የሚባል ገዥ ሁሉ ሥራ የማያውቅ ሰው ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ብዙ ጊዜ ግፍ የሚገባው በችሎታ በር ነው። ሰው ብዙ መሥራቱን ሲያይ፥ የሠራው ሁሉ የእርሱ እንደ ሆነ፥ የሚከለክለውም እንደሌለ ይመስለዋል።

ድምጥያኖስም «ጌታና አምላክ» ተብሎ መጠራትን እንደ ወደደ የዘመኑ ጸሐፊዎች መስክረውበታል። ፈላስፎችን ከሮሜ አሳደደ። መማክርቱን በክሕደት ክስ እያስያዘ አስገደለ፤ የሟቾቹንም ሀብት ወረሰ። ነገር ሠሪና አሳባቂ በቤተ መንግሥቱ ከበረ። በ95 ዓመት የገዛ ዘመዱን ፍላቪዮስ ቀሌምንጦስን፥ ልጆቹን አልጋ ወራሽ እንዲሆኑ መርጦአቸው ሳለ፥ በሞት ቀጣ። የቀሌምንጦስን ሚስት ድምጥላንም ወደ ደሴት አጋዛት። የተከሰሱበትም ነገር የሮሜን አማልክት መካድ ነበር፤ ስለዚህ ብዙዎች እነዚህን ሰዎች ከክርስቲያኖች ወገን ይቈጥሩአቸዋል። ወንጌላዊው ቅዱስ ዮሐንስም ወደ ፍጥሞ ደሴት ተግዞ ራእዩን ያየው በዚህ ንጉሥ የግዛት ዘመን ፍጻሜ እንደ ነበረ ቅዱስ ሄሬኔዎስ ጽፎአል።

የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ አውሳብዮስ ከቀደመው ከሄጌሲጶስ ወስዶ ያቈየልን አንድ ታሪክ አለ፤ እርሱም ልብ ሊባል ይገባዋል። የጌታ ወንድም የተባለው የይሁዳ የልጅ ልጆች ከዳዊት ዘር ናቸው ተብለው ተከሰው ወደ ድምጥያኖስ ቀረቡ። ንጉሡ የዳዊትን ዘር ፈርቶ ነበርና፥ ምን ያህል ሀብት እንዳላቸው ጠየቃቸው። እነርሱም ያላቸው ጥቂት የእርሻ መሬት እንደ ሆነ፥ ያንንም በገዛ እጃቸው እያረሱ ግብር እንደሚከፍሉበት ተናገሩ። ለምስክርም ከሥራ ብዛት የሻከረውን መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩት። ስለ ክርስቶስ መንግሥትም በጠየቃቸው ጊዜ፥ መንግሥቱ ሰማያዊት እንደ ሆነች፥ እርሱም በዓለም ፍጻሜ ለፍርድ እንደሚመጣ መለሱለት። ንጉሡም እንደ ተርታ ሰዎች ንቆ ለቀቃቸው።

እንግዲህ ሁለቱን ወገኖች አስተያዩ። በአንድ በኩል ዓለምን የያዘ ንጉሥ ሁለት ገበሬዎችን ይፈራል። በሌላው በኩል ገበሬዎቹ ከመዳፋቸው በቀር የሚያሳዩት መከላከያ ሳይኖራቸው በፊቱ በጸጥታ ይቆማሉ። የግፍ የመጀመሪያ ደመወዝ ይህ ፍርሃት ነው። ሱቶንዮስ የተባለው የሮሜ ጸሐፊ እንደሚተርከው፥ ድምጥያኖስ የሚመላለስበትን ሰገነት ግድግዳ እንደ መስተዋት በሚያበራ ድንጋይ አስለብጦት ነበር፤ ይኸውም በጀርባው የሚመጣውን ሰው ለማየት ነው። ሌሎችን በፍርሃት የገዛ ሰው ራሱ የፍርሃት ተገዥ ሆነ።

ድንጋዩ ግን አላዳነውም። በ96 ዓመት በመስከረም 18 ቀን፥ በገዛ እልፍኙ ውስጥ፥ ገና 44 ዓመቱ ሳለ ተገደለ። ያሤሩበትም የውጭ ጠላቶች አልነበሩም። ከሤራው መሪዎች አንዱ የእልፍኙ አስከልካይ ጳርቴንዮስ ነበር። የመታውም የተጋዘችው የድምጥላ ቤት መጋቢ የነበረ እስጢፋኖስ የሚባል ሰው ነው፤ ይህ ሰው ከሰማዕቱ ሊቀ ዲያቆናት ጋር ስም ብቻ የተካፈለ ነው። እስጢፋኖስ ክንዱን የታመመ መስሎ በጨርቅ ጠቅልሎ ብዙ ቀን ቈየ፤ በጨርቁም ውስጥ ጩቤ ሸሸገ። በዚያ ቀን ንጉሡ አምስተኛይቱን ሰዓት ይፈራት ነበርና ሰዓቱን ቢጠይቅ፥ አሽከሮቹ ሆነ ብለው ስድስት ሰዓት ነው አሉት። እርሱም ክፉው ሰዓት አለፈ ብሎ ደስ አለው። በዚህ ጊዜ እስጢፋኖስ የሤራ ምስጢር ላሳይህ ብሎ ጽሑፍ ሰጠው፤ ንጉሡም ሲያነብ ወጋው።

መማክርቱ ይህን በሰሙ ጊዜ ደስ ብሎአቸው ምስሉን ሰባበሩ፤ ስሙም ከድንጋይ ጽሑፍ ሁሉ እንዲፋቅ ዐዋጅ አወጡ። ለሬሳው ያሰበችው የልጅነት ሞግዚቱ ፊሊስ ነበረች፤ እርስዋም ሥጋውን አቃጥላ ዐመዱን በቤተሰቡ መቅደስ በስውር አኖረችው። አምላክ ተብሎ ሊመለክ የወደደ ሰው በአንዲት አሮጊት ሞግዚት እጅ በስውር ተቀበረ።

፪. ከጩቤው በኋላ

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ አቁሞ ይዘጋዋል። ትምህርቱ ግን ከዚህ በኋላ ነው። በድምጥያኖስ ፋንታ ኔርዋ የሚባል ሽማግሌ ነገሠ። እርሱም የተጋዙትን መለሰ፤ ቅዱስ ዮሐንስም በዚያን ጊዜ ከፍጥሞ ወደ ኤፌሶን እንደ ተመለሰ አውሳብዮስ ጽፎአል። ይህ ታላቅ እፎይታ ነበር። ነገር ግን ብዙ ሳይቈይ፥ የቤተ መንግሥቱ ዘበኞች የሟቹ ንጉሥ ወዳጆች ነበሩና፥ በ97 ዓመት ተነሥተው ንጉሡን በቤተ መንግሥቱ ከበቡት፤ የድምጥያኖስንም ገዳዮች አምጣ አሉት። ኔርዋ ሊያድናቸው ወደደ፤ ኃይል ግን አጣ። ጳርቴንዮስም በወታደሮቹ እጅ በጭካኔ ተገደለ። እስጢፋኖስ ቀድሞ በዚያው በግድያው ቀን በግርግሩ መካከል ሞቶ ነበር። በስውር የተሳለው ጩቤ ወደ ሳሉት ሰዎች ተመለሰ። አባቶቻችን «ደባ ራሱን፥ ስለት ድጉሱን» ያሉት ለዚህ ነው።

የክርስቲያኖችስ መከራ በድምጥያኖስ ሞት አበቃን? አላበቃም። ከኔርዋ ቀጥሎ የነገሠው ትራያኖስ በሮማውያን ዘንድ ከመልካም ነገሥታት የሚቈጠር ነው። ሆኖም የአንጾኪያው ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ አግናጥዮስ ታስሮ ወደ ሮሜ የተወሰደውና ለአራዊት የተሰጠው በእርሱ ዘመን ነው። ክርስቲያን ነኝ ብሎ የጸና ሰው ይቀጣ የሚለውም የመንግሥት አሠራር በእርሱ ዘመን በጽሕፈት ጸና። ክፉው ሰው ሄዶአል፤ ክፉው ሥርዓት ግን ቀርቶአል። ጩቤ ሰውን ይገድላል እንጂ ልማድን አይገድልም። ከፍርሃት የተሠራ ቤት ባለቤቱ ቢለወጥ እንኳ የፍርሃት ቤት መሆኑ አይቀርም፤ መሠረቱ እስኪለወጥ ድረስ።

፫. የጎንደር ቤት

ይህን የመሰለ ታሪክ በሩቅ አገር ብቻ የተደረገ እንዳይመስለን፥ ወደ አገራችን እንመለስ። ታላቁ ዐፄ ኢያሱ፥ በስመ መንግሥቱ አድያም ሰገድ፥ በ1674 ዓ.ም. በጎንደር ነገሠ። በጎንደር የምትገኘው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የእርሱ ሥራ ናት። የንግዱን የቀረጥ ሥርዓት አስተካከለ፥ ስለ ሃይማኖት በተነሣው ክርክር ሊቃውንቱን ሰብስቦ ጉባኤ አስደረገ፥ ከውጭ አገር ሰዎችም ጋር ግንኙነት አደረገ፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ ወደ ጎንደር የመጣው በእርሱ ዘመን ነው። በመንግሥቱ ፍጻሜ አካባቢም ከግቤ ወንዝ ማዶ እስከ እናርያ ድረስ ዘመተ።

በ1698 ዓ.ም. ይወዳት የነበረችው ቅድስተ ክርስቶስ ብትሞትበት፥ ንጉሡ በኀዘን ተይዞ ከቤተ መንግሥቱ ወደ ጣና ሐይቅ ደሴት ፈቀቅ አለ። ይህን ያዩ መኳንንት፥ የልጁ የተክለ ሃይማኖት እናት እቴጌ መለኮታዊት ደግፋቸው፥ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር አባቱ በሕይወት ሳለ ልጁን አነገሡት። ኢያሱ በሕመም ተይዞ በደሴቱ ላይ ሳለ፥ በጥቅምት ወር 1699 ዓ.ም. የመለኮታዊት ወንድሞች በአዲሱ ንጉሥ ትእዛዝ ሄደው ገደሉት። ሥጋውም በዚያው ሐይቅ በምጽራሐ ደሴት ተቀበረ። የታመመ አባት፥ በኀዘን የተቀመጠ፥ ሠራዊት በዙሪያው የሌለው፥ በልጁ ዘመን ተገደለ። ሕዝቡም ልጁን «ርጉም ተክለ ሃይማኖት» ብሎ ሰየመው።

በአባቱ ደም ላይ የቆመ ዙፋን ምን ያህል ቈየ? ከአባቱ ሞት በኋላ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም። በ1700 ዓ.ም. ተክለ ሃይማኖት ለአደን ወጥቶ ሳለ፥ ለአባቱ ይታመኑ የነበሩ ሰዎች በስለት ወግተው ገደሉት። ገና በወጣትነቱ ነበር። ዳግመኛም ሥልጣኑ ለአባቱ ወንድም ለዐፄ ቴዎፍሎስ ደረሰ። ቴዎፍሎስም የወንድሙን ደም ፈለገ፤ እቴጌ መለኮታዊትንና ወንድሞቿን፥ ከእነርሱም ጋር ያሤሩትን በሞት ቀጣ። በ1704 ዓ.ም. ቴዎፍሎስ በሕመም ሲሞት፥ ከወንድ ወገን የነገሥታት ዘር ያልነበረው ዮስጦስ ዙፋኑን ያዘ፤ እርሱም በ1708 ዓ.ም. ታምሞ ሳለ ከመንግሥቱ ወርዶ ሞተ። ቀጥሎ የነገሠው የኢያሱ ልጅ ዳዊት በ1713 ዓ.ም. በመርዝ እንደ ሞተ ይነገራል።

እስቲ እንቍጠረው። ከ1699 እስከ 1713 ዓ.ም. 15 ዓመት እንኳ አልሞላም። በዚህ ጊዜ ውስጥ አባት በልጅ፥ ልጅ በአባቱ ወዳጆች፥ እናትና አጎቶች በንጉሥ ፍርድ፥ ሌላውም ልጅ በመርዝ ሞቱ። ከእነዚህ ገዳዮች እያንዳንዱ ለራሱ ምክንያት ነበረው። የመጀመሪያዎቹ «ንጉሡ መንግሥቱን ትቶአል» አሉ። ሁለተኛዎቹ «አባቱን ገድሎአል» አሉ። ሦስተኛው «የወንድሜ ደም ይጮኻል» አለ። ምክንያቱ ከፊተኛው ይልቅ የኋለኛው የተሻለ ይመስላል፤ ደሙ ግን አንድ ዐይነት ነበር። ንጉሥን መግደል አንድ ጊዜ የተከፈተ በር ሆነና፥ በ1761 ዓ.ም. ዐፄ ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ እስከ ተገደለ ድረስ፥ ከዚያም በኋላ ዘመነ መሳፍንት ገብቶ አገሩ ሁሉ የጦር ሜዳ እስኪሆን ድረስ፥ ማንም ሊዘጋው አልቻለም።

፬. የቅርቡ ዘመን ምስክር

ይህ የጥንት ነገር ነው የሚል ቢኖር፥ በአባቶቻችንና በእናቶቻችን ዐይን ፊት የሆነውን ያስታውስ። በ1966 ዓ.ም. የተነሣው ለውጥ መጀመሪያ «ያለ ምንም ደም» የሚል ቃል ነበረው። በኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ግን የቀድሞው መንግሥት ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ በአንድ ሌሊት ተረሸኑ፤ የደርጉ ሊቀ መንበር የነበሩት ጄኔራል አማን አንዶምም በዚያው ቀን ሞቱ። በነሐሴ ወር 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በእስር ላይ ሳሉ ተገደሉ። በጥር 1969 ዓ.ም. ሊቀ መንበሩ ጄኔራል ተፈሪ በንቲ፥ በኅዳር 1970 ዓ.ም. ደግሞ ምክትል ሊቀ መንበሩ ሌተና ኮሎኔል አጥናፉ አባተ በገዛ ጓደኞቻቸው ተገደሉ። በ1971 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ ከእስር ቤት ተወስደው ተገደሉ፤ ዐፅማቸው እንኳ የተገኘው ደርጉ ከወደቀ በኋላ ነው። በቀይ ሽብር ያለቀውን ወጣት ቍጥር ለመናገር እንባ ይቀድማል።

ከዚህ የምንማረው ነገር ከሮሜውና ከጎንደሩ ጋር አንድ ነው። የቀደመውን ገዥ በስውር የገደለ እጅ ከዚያ በኋላ ማንንም ለመግደል አይከብደውም። የጓደኛውን ደም ያየ ጓደኛም ከዚያ በኋላ ሌሊት አይተኛም። ድምጥያኖስ ያስለበጠው የሚያበራ ድንጋይ በየዘመኑ ስሙን እየለወጠ ይተከላል፤ አንድ ጊዜ አሳባቂ፥ አንድ ጊዜ ሰላይ፥ አንድ ጊዜ ግምገማ ይባላል።

፭. ዳዊት በዋሻው ውስጥ

እንግዲህ ለግፈኛ መገዛት ብቻ ነውን የክርስቲያን ዕድል? አይደለም። ቅዱሳት መጻሕፍት በዚህ ነገር ሁለት መንገድ ለይተው ያሳዩናል።

አንደኛው መንገድ የዳዊት ነው። ሳኦል ያለ ኃጢአቱ ያሳድደው ነበር። በዓይን ጋዲ ዋሻ ሳኦል ብቻውን በእጁ ገባለት፤ ባልንጀሮቹም እግዚአብሔር ጠላትህን በእጅህ ሰጠህ አሉት። ይህ ቃል መንፈሳዊ ይመስላል፤ የፈተናውም ክብደት በዚህ ነበር። ዳዊት ግን ከልብሱ ጫፍ ቈርጦ ሕይወቱን ተወለት፤ ልብሱን በመቍረጡም እንኳ ልቡ መታው። ኋላም ሳኦልን ገደልሁት ብሎ ዋጋ ፈልጎ የመጣውን ዐማሌቃዊ በሞት ቀጣው እንጂ አልሸለመውም። ዳዊት ሳኦል ጻድቅ ነው አላለም። መንግሥት የሚወርሰው በግድያ እንዳይሆን ፈቀደ። በግድያ የወረሰ ሰው ለሚመጣው ገዳይ መንገድ እንደሚጠርግ ያውቅ ነበርና።

ሁለተኛው መንገድ የነቢዩ ናታንና የመጥምቁ ዮሐንስ ነው። ናታን ንጉሡን ዳዊትን ፊት ለፊት ገሠጸው፤ ዮሐንስም ሄሮድስን ስለ ወንድሙ ሚስት በአደባባይ ገሠጸው። ሁለቱም ጩቤ አልያዙም፤ ዝምም አላሉም። በአገራችንም አቡነ ጴጥሮስ በሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በፋሺስቶች ጥይት የወደቁት፥ አርበኞችን እንዲያወግዙ ቢጠየቁ እምቢ ብለው፥ ለወራሪ መገዛትን በሕዝብ ፊት አውግዘው ነው። አገርን ከወራሪ በግልጥ መከላከል አንድ ነገር ነው፤ እንጀራ እየበሉ በእልፍኝ ውስጥ ማሤር ሌላ ነገር ነው። እውነትን በግልጥ የሚናገር ሰው ራሱን ለመከራ ይሰጣል፤ በስውር የሚያሤር ሰው ሌላውን ለመከራ ይሰጣል። ሁለቱ የሚለዩት በዚህ ነው።

እግዚአብሔር የክፉዎችን ሥራ ለመልካም ፍጻሜ ሊያውለው ይችላል። የዮሴፍ ወንድሞች ወንድማቸውን ሸጡት፤ እግዚአብሔርም በዚያ መንገድ ብዙ ሕዝብ ከረኃብ አዳነ። ነገር ግን መሸጣቸው ጽድቅ አልሆነላቸውም፤ በግንባራቸው ተደፍተው ይቅርታ ለመኑ። ስለዚህ የእስጢፋኖስ ጩቤ ለፍጥሞ እስረኞች መውጫ ቢሆን፥ ምስጋናው ለእግዚአብሔር ነው፤ ጩቤው ግን ጩቤ ነው።

በዚህ ነገር ካህናት የሚጠየቁበት አንድ ነገር አለ። ገዥ ግፈኛ የሚሆነው በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ ትንሽ ነገር ያጠፋል፤ የሚገሥጸው ሲያጣ ሁለተኛውን ይደግማል፤ የሚያወድሰው ሲያገኝ ሦስተኛውን እንደ ሕግ ያደርገዋል። የንስሐ አባት በጊዜው አንድ ቃል ቢናገር፥ ኋላ በጩቤ የሚፈለገው ነገር በእንባ ሊፈጸም ይችል ነበር። በጊዜው ያልተነገረ ተግሣጽ ኋላ ደም ሆኖ ይፈስሳል።

፮. በአባያ ዳርቻ

በአርባ ምንጭ ላይ ቆሞ ወደ ታች የሚያይ ሰው ሁለት ሐይቆች ያያል፤ አባያና ጫሞ ናቸው። በመካከላቸው ያለውን ከፍታ ሕዝቡ የእግዜር ድልድይ ይለዋል። የአባያ ውሃ ቀላ ያለ ነው። ይህም የሆነው ወንዞቹ ከደጋው እያጠቡ በሚያወርዱት አፈር ምክንያት ነው። ደጋው ላይ ያለው ገበሬ እርከኑን ካልጠበቀ፥ ቆላ ያለው ሐይቅ ይደፈርሳል። ሐይቁን በመቅዘፍ ብቻ ማንም አያጠራውም። የሰውም ማኅበር እንዲሁ ነው፤ ከላይ ባለው ባለሥልጣን የተጀመረ ግፍ ወርዶ በታች ያለውን ሕዝብ ልብ ያደፈርሳል፤ መድኃኒቱም ከላይ ከምንጩ መጀመር አለበት።

የጋሞ አባቶች ከጥንት ጀምሮ ይህን የሚመለከት ሥርዓት አላቸው። የአገሩ ጉዳይ ዱቡሻ በሚባለው የጉባኤ ሜዳ ላይ በግልጥ ይነገራል። ሀላቃ የሚባለው ሹም በጉባኤ ይመረጣል፤ ዘመኑንም ሲፈጽም ሹመቱን ለሌላ ይለቅቃል። ለሹመት የሚገባ መግቢያና የሚወጣ መውጫ ባለበት አገር፥ ሹምን ለማውረድ ጩቤ የሚፈልግ ሰው ያንሳል። የሮሜ ቤተ መንግሥት መግቢያ ነበረው፤ መውጫ ግን ከሞት በቀር አልነበረውም። የጎንደርም ቤት በኋላ እንዲሁ ሆነ።

ዳግመኛም በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችን እናስታውሳለን። በቡራዩ አካባቢ በሰዎች ላይ በደረሰው ግድያ የጋሞ ተወላጆች ስለ ሞቱ፥ በአርባ ምንጭ ወጣቶች ተቈጥተው ለበቀል ወጡ። ኀዘናቸው እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ሊመቱት የተነሡት ያንን ግፍ ያልሠራውን ጎረቤታቸውን ነበር። በዚህ ጊዜ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው መጡና በወጣቶቹ ፊት በመንገዱ ላይ ተንበረከኩ። በትር አልነበራቸውም፥ ወታደርም አልነበራቸውም። ወጣቶቹም አባቶቻቸውን ረግጠው ማለፍ አልቻሉም፤ ተመለሱ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ከቀደመው ታሪክ ጋር አስተያየው። በጎንደር ቤት ለ15 ዓመት ያህል ከአንዱ ወደ አንዱ የተሻገረውን ሰይፍ የሚያቆመው አንድ ተንበርካኪ አልተገኘም። በአርባ ምንጭ ግን የበቀሉ ሰንሰለት በአንድ ቀን ተቈረጠ፤ የቈረጠውም እርጥብ ሣር ነው። የይሁዳ የልጅ ልጆች በድምጥያኖስ ፊት የሻከረ መዳፋቸውን ዘረጉ፤ የጋሞ አባቶችም በገዛ ልጆቻቸው ፊት ሣር የያዘ መዳፋቸውን ዘረጉ። ጌታችን በጌቴሴማኒ ጴጥሮስን ሰይፉን ወደ ሰገባው እንዲመልስ ያዘዘው ፈሪ እንዲሆን አልነበረም። ከሰይፍ የሚበልጥ ድፍረት እንዳለ ሊያሳየው ነው።

በዚህ ትምህርት ሦስት ነገር እንያዝ። መጀመሪያ፥ ሥልጣን ያለን ሁሉ፥ አባት በልጆቹ ላይ፥ መምህር በተማሪዎቹ ላይ፥ አስተዳዳሪ በአጥቢያው ላይ፥ የማኅበር ሹም በማኅበሩ ላይ፥ የሚያወድሰንን ብቻ ሳይሆን የሚገሥጸንን ሰው ከአጠገባችን አናርቅ። ሰው ሁሉ ዝም ያለው ባለሥልጣን የተከበረ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን በሚያበራው ድንጋይ መካከል ብቻውን የሚመላለስ ነው። ሁለተኛ፥ ግፍ የደረሰብን ሁሉ በግልጥ እንናገር፥ በሕግ እንጠይቅ፥ ፍርድንም እንሻ፤ ሌሊት የሚሳል ስለት ግን አንሳል። የተበደለ ሰው ፍትሕን መጠየቁ ኃጢአት አይደለም፤ ከበዳዩ ጋር በሥራ መተካከሉ ግን ኪሣራ ነው። ሦስተኛ፥ ሽማግሌዎችና ካህናት የሆንን ሁሉ፥ ሣሩን ይዘን ለመንበርከክ ነገሩ እስኪነድድ አንጠብቅ። የአርባ ምንጭ አባቶች በዚያች ቀን የተሰሙት በዚያች ቀን ብቻ ስለ ተናገሩ አልነበረም፤ ከዚያ በፊት ለብዙ ዘመን ሲያስታርቁ ስለ ኖሩ ነው።

የድምጥያኖስን ስም ከድንጋይ ፋቁት፤ በፍጥሞ የታሰረው ሽማግሌ የጻፈው ግን እስከ ዛሬ በየመቅደሱ ይነበባል። የተክለ ሃይማኖት ዙፋን ከአባቱ ሞት በኋላ ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ አባቱ ያሠራት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግን እስከ ዛሬ ምእመናንን ትሰበስባለች። ሰው በሌላው ላይ በሠራው ግፍ አይኖርም፤ ለሌላው በሠራው በጎነት ይኖራል። እንግዲህ እያንዳንዳችን ዛሬ በእጃችን ያለችውን ትንሽ አደራ እንመርምር። የሚገሥጽ ቃል ደርሶብን እንደ ሆነ በትሕትና እንቀበል፤ መገሠጽ የሚገባንም እንደ ሆነ በፍቅርና በጊዜው እንናገር። የሰላም አምላክ የአገራችንን ሹማምንት ልብ ወደ ርኅራኄ፥ የሕዝቡንም ልብ ወደ ትዕግሥት ይመልስ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።